የመንገደኛ የውኃ ማጣሪያ አመራረጥ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የቀረበ ትምህርት

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ስንቁን በአቁማዳ ይሸከማል፤ ውኃን ግን ለብዙ ቀን ተሸክሞ መሄድ አይቻለውም። በቆላ ሙቀት የሚጓዝ ሰው በቀን 5 ሊትር ውኃ ቢፈልግ፥ የ5 ቀን ውኃው 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህም ከስንቁና ከመሣሪያው ጋር ሲደመር የአህያ ጭነት እንጂ የሰው ሸክም አይደለም። ስለዚህ አዳኙም፣ ማር ቆራጩም፣ ከብት ጠባቂውም፣ ተራራ ሊጎበኝ የመጣውም እንግዳ ሁሉ በመንገዱ ያገኘውን ውኃ ይጠጣል። ውኃው ምን እንደያዘ ሳያውቅ ይጠጣል፤ ወደ ቤቱም ተመልሶ ሆዱን በታመመ ጊዜ ሕመሙን በበላው ምግብ ወይም በመታው ፀሐይ ያመካኛል።

በዛሬ ዘመን በኪስ የሚያዝና ክብደቱ ከ100 ግራም የማይበልጥ የውኃ ማጣሪያ ተሠርቶ ይሸጣል። በስሜንና በባሌ ተራሮች የሚጓዙ እንግዶች ይዘውት ይታያሉ፤ በውጭ አገር የሚኖር ልጅም ለአባቱ ሊልክለት ይችላል። እንግዲህ በመንደር ውስጥ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ «ይህ ይበቃል፣ ይህ አይበቃም» እንዲል የሚጠየቀው መምህሩ ወይም ጽሕፈት የሚያውቀው ሽማግሌ ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ያ ሰው መልሱን በዕውቀት እንዲሰጥ ነው፤ ምክንያቱም የማይበቃውን ማጣሪያ አምኖ የሚጠጣ ሰው ምንም ከሌለው ሰው ይልቅ ይደፍራል፥ በድፍረቱም የበለጠ ይጎዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በውኃ ውስጥ ስላለው ነገር

ከድንጋይ ሥር ፈልቆ እንደ ብርጭቆ የጠራ ውኃ ያየ ሰው ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርዳል። ዓይን የሚፈርደው ግን ስለ ጭቃና ስለ ቅጠል ብቻ ነው። በሽታ የሚያመጡት ነፍሳት ከዓይን ችሎታ በታች ናቸውና፥ የጠራው ውኃ ገዳይ፣ የደፈረሰውም የማይጎዳ ሊሆን ይችላል።

የቀድሞ መንገደኞች ከነዚህ ጠላቶች መካከል በዓይን የሚታየውን አንዱን በሚገባ ያውቁታል፤ እርሱም አልቅት ነው። ከምንጭ ወይም ከኩሬ ጎንበስ ብሎ በአፉ የጠጣ ሰው አልቅት በጉሮሮው ወይም በአፍንጫው ገብቶ ተጣብቆበት ደም ሲያስተፋው ይታያል፤ በቅሎና በሬም እንዲሁ ይሠቃያሉ። ስለዚህ ብዙዎች የነጠላቸውን ጫፍ በውኃው ላይ ዘርግተው በጨርቁ ውስጥ መጥጠው ይጠጣሉ። ይህ ልማድ እውነተኛ ማጥለያ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ሆኖም ነጠላ የሚከለክለው በቀዳዳው ሊያልፍ የማይችለውን ብቻ ነው፤ የማጣሪያ ሥራ ሁሉ የሚፈረደውም በዚህ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቀዳዳው ምን ያህል ነው? ሊያልፍ የሚሻውስ ምን ያህል ነው?

መምህሩ ይህን ለልጆች ለማስረዳት ወንፊት ይበቃዋል። ባቄላ፣ ጤፍና ዱቄት ደባልቆ ቢነፋ፥ ባቄላው በላይ ይቀራል፥ ዱቄቱ ያልፋል፤ ጤፉ ግን እንደ ወንፊቱ ዓይን ወይ ይቀራል ወይ ያልፋል። በውኃ ውስጥ ያሉት ነፍሳት የሚለኩበት ልክ ማይክሮን ይባላል፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ክፍል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ያህል ነው። ይህ ለልጅ አእምሮ ረቂቅ ስለሆነ፥ ሁሉን በእኩል አሳድጎ ማሰብ ይረዳል።

ከሁሉ የሚያንሰው ቫይረስ የአንዲት ጤፍ ቅንጣት ያህል አድጎ ይታሰብ። በዚያው ልክ የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያ የሎሚ ያህል ይሆናል። ጃርዲያና አሜባ የትልቅ ዱባ ያህል ይሆናሉ። የሰው ጠጉር ውፍረት ከረጅም ሰው ቁመት ይበልጣል። በኩሬ ውስጥ የምትዋኘው የውኃ ቁንጫ የምትባለው ትንሽ ፍጥረት ደግሞ 50 ሜትር ረዝማ ከታላቅ ባሕር ዛፍ ጋር ትስተካከላለች። እንግዲህ በዚሁ ልክ በሕክምና ሰዎች የሚታደለው የናይሎን ማጥለያ ጨርቅ ቀዳዳው ዝሆን ቆሞ የሚያልፍበት በር ይሆናል፤ በሱቅ የሚሸጠው መልካም ማጣሪያ ደግሞ ቀዳዳው ከሽምብራ አይበልጥም። ሽምብራ የምታህል ቀዳዳ ዱባንና ሎሚን ትከለክላለች፤ ጤፍን ግን ታሳልፋለች። ይህን የተረዳ ሰው ከቀረው ትምህርት አብዛኛውን ተረድቷል።

በጨርቅ ስለተሠራው ታላቅ ሥራ

በሩ ሰፊ ነው ተብሎ ጨርቅ አይናቅም። የጊኒ ትል የሚባለው ደዌ የሚመጣው በውስጧ የትሉን እጭ የያዘች የውኃ ቁንጫ ከውኃ ጋር በመዋጧ ነው። ሰው ከጠጣ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ፥ ርዝመቱ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ትል አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ ላይ ቆዳውን ቀዶ መውጣት ይጀምራል። ሕመሙ እንደ እሳት ስለሚያቃጥል ታማሚው እግሩን በውኃ ሊያቀዘቅዝ ይነክራል፤ በዚያን ጊዜ ትሉ እጮቹን በውኃው ውስጥ ይዘራል፤ ለሚቀጥለውም ዓመት ሌላ ሰው ይታመማል። ለዚህ ደዌ የሚሆን ክትባትም፣ ትሉን የሚገድል መድኃኒትም የለም። ነገር ግን የውኃ ቁንጫዋ ትልቅ ናትና ጨርቅ ይከለክላታል።

በ1986 በአፍሪካና በእስያ በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየዓመቱ ይታመሙ እንደ ነበር ተገምቷል። በ2024 በመላው ዓለም የተመዘገቡት የታመሙ ሰዎች 15 ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ደዌ የጠፋው በአብዛኛው በማጥለያ ጨርቅ፣ በማስተማርና ታማሚው ወደ ውኃ እንዳይገባ በመጠበቅ ነው።

ለዚህ ትምህርት የሚጠቅመው ግን ለመንገደኛ የተሠራው ነው። በቤት የሚኖር ሰው የእንስራውን አፍ በጨርቅ ሸፍኖ ያጠላል፤ ከብቱን ተከትሎ የሚሄድ፣ ለአደን የወጣ፣ ወይም ከጦርነት የሸሸ ሰው ግን እንስራ ስለሌለው ይህን ማድረግ አይሆንለትም። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ናይሎን ወንፊት የተተከለበት፣ በአንገት በገመድ የሚንጠለጠል አጭር ቀሰም ተሠራ። በ2001 በሱዳን ከ9 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ቀሰም ለሕዝቡ ታደለ። ዋጋው ጥቂት፣ ክብደቱም እንደ ክታብ የቀለለ ነበረ። በኢትዮጵያም ይህ ደዌ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የቆየው በጋምቤላ አካባቢ ሲሆን፥ በሰው ብቻ ሳይሆን በውሻና በዝንጀሮም ተገኝቷል። በዱር እየዞረ ከየኩሬው የሚጠጣ ሰው በዚያ አገር ማጥለያ ቀሰም በአንገቱ ሳያንጠለጥል ሊሄድ አይገባውም።

ጨርቅ ከዚህም በላይ ሊሠራ እንደሚችል በባንግላዴሽ ታይቷል። የኮሌራ ባክቴሪያ በውኃ ቁንጫ ገላ ላይ ተጣብቆ ይኖራልና፥ ሪታ ኮልዌል የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በመንደሮች ያሉ ሴቶች ያረጀ የሳሪ ልብሳቸውን ቢያንስ አራት እጥፍ አድርገው ውኃቸውን እንዲያጠሉ አደረገች። በ2003 በታተመው ጽሑፋቸው እንደተገለጸው፥ እንዲህ ባደረጉት መንደሮች ኮሌራ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ያረጀ ጨርቅ ከአዲሱ ይሻላል፤ ታጥቦ ታጥቦ ክሩ ሲላላ ቀዳዳው ይጠባልና። ይሁን እንጂ ግማሹ ቀነሰ ማለት ግማሹ ቀረ ማለት ነው። ጨርቅ ሌላ ነገር ለሌለው ሰው ታላቅ በረከት ነው፤ ሌላ ነገር ላለው ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ እንጂ የመጨረሻ አይደለም።

ማጣሪያን ስላለፈው ነገር

ከኤውሮፓ ታሪክ አንድ ዘመን ሁለቱን ነገር፥ ማለት የማጣሪያን ኃይልና የማጣሪያን ወሰን፥ አንድ ላይ ያሳያል። በ1892 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር። ከእርሷ ጋር ግንብ ለግንብ የተያያዘችው አልቶና የምትባለው ከተማ ግን ከሐምቡርግ በታች፥ የሐምቡርግ ቆሻሻ ከተጨመረበት በኋላ፥ ያንኑ ወንዝ ትቀዳ ነበር፤ ነገር ግን በአሸዋ ታጣራው ነበረና በብዙ ዳነች። በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ በአንድ ሠፈር የሚኖሩ ጎረቤቶች እንደ ቧንቧቸው ተለያዩ።

ከዚያ 8 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1884፥ የሉዊ ፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን ባክቴሪያን የሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር። በዚያው በ1892 ደግሞ ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩስያዊ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጨምቆ ጭማቂውን በዚህ ማጣሪያ አሳለፈው። ባክቴሪያ ሁሉ ቀረ፤ የተጣራው ጭማቂ ግን ጤነኛውን ቅጠል አሳመመው። ስለዚህ ከባክቴሪያ የሚያንስ፣ በሸክላው ውስጥ የሚያልፍ አንድ ነገር እንዳለ ታወቀ። ዛሬ ቫይረስ የሚባለው እርሱ ነው። ስለዚህ ቫይረስ መጀመሪያ የታወቀው ማጣሪያን ያለፈ ነገር ተብሎ ነው፤ በኪስ የሚያዙት ማጣሪያዎችም እስከ ዛሬ አብዛኞቹ አይከለክሉትም።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ጃርዲያና አሜባ 10 ማይክሮን ያህል ናቸው። ባክቴሪያ ከ0.5 እስከ 2 ማይክሮን ነው። ቫይረስ ከ0.02 እስከ 0.1 ማይክሮን ነው። በሱቅ የሚገኘው ማጣሪያ ቀዳዳው 0.1 ወይም 0.2 ማይክሮን ነው። እንግዲህ አሜባን፣ ጃርዲያን፣ የኮሌራና የታይፎይድን ባክቴሪያ ያስቀራል፤ የወፍ በሽታ የሚባለውን የጉበት ደዌ የሚያመጡትን ቫይረሶችና ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያደክመውን ሮታቫይረስ ግን ያሳልፋል።

ከወንዙ በላይ ማን አለ?

ብዙ ሰዎች የሚስቱት በዚህ ነው። እነዚህ ማጣሪያዎች በብዛት የተሠሩት በአሜሪካ ተራሮች ለሚጓዙና ለሚያድኑ ሰዎች ነው። በዚያ አንድ አዳኝ ለብዙ ቀን ሰው የማይኖርበትን ዱር ያቋርጣል፤ ከጅረቱ በላይ መንደር የለም። ውኃውን የሚያቆሽሸው በአብዛኛው አውሬ ነው፤ ከአውሬም ወደ ሰው የሚተላለፈው ጃርዲያና አንዳንድ ባክቴሪያ ነው። ሰውን የሚያሳምመው የአንጀት ቫይረስ የሚመጣው ግን ይልቁንም ከሰው ነው። ሰው ከሌለ ቫይረሱም ጥቂት ነውና፥ ለዚያ አገር አዳኝ ባለ 0.2 ማይክሮን ማጣሪያ በአብዛኛው በቅቶታል።

የኢትዮጵያ ደጋ ግን እንዲህ አይደለም። እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ከብቱን ያሰማራል። መንገደኛው ዱር ነው ብሎ የተቀመጠበት ሸለቆ ከጉብታው ማዶ አሥር ጎጆ ሊኖርበት ይችላል፤ መጸዳጃ ከሌለም የክረምት ዝናብ ሁሉን አጥቦ ወደ ጅረቱ ያወርደዋል። ስለዚህ ማጣሪያ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የማጣሪያው ዋጋ ወይም ውበቱ አይደለም፤ ከወንዙ በላይ ማን አለ? የሚለው ነው። አውሬ ብቻ ካለ ማጣሪያው ብቻውን ይበቃል ማለት ይቻላል። ሰው ካለ ሁለተኛ ሥራ ያስፈልጋል። ሰው ይኑር አይኑር ካልታወቀ ደግሞ ሰው እንዳለ መቁጠር ይገባል።

በዚህ ነገር ሽማግሎች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። የትኛው ምንጭ ከመቃብር በታች እንደሆነ፣ የትኛው ጅረት በከብት ማደሪያ አጠገብ እንደሚያልፍ፣ በሐምሌ የሚፈልቀውና በየካቲት የሚደርቀው የትኛው እንደሆነ ከመጽሐፍ አይገኝም። ከምንጩ ዓይን መቅዳት ከታች ከመቅዳት ይሻላል የሚለውም የአባቶች ምክር እውነት ነው። «አባቶቻችን ሲጠጡት ኖሩ» የሚለው ክርክር ግን አይጸናም፤ ከጠጡት መካከል በሕፃንነታቸው የሞቱት ዛሬ ተነሥተው ሊመሰክሩ አይችሉምና።

ብዙ ሰው ለጥቂት ቀን በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ አደጋው ይበዛል። በነሐሴ 2022 በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ብዙ ክፍለ አገር ተዛምቷል፤ በ2023ም በቋራ ወረዳ ለጠበል ከሩቅ በተሰበሰቡ ተጓዦች መካከል ኮሌራ ገብቶ ሰው አልቋል። ተጓዡ የመጣው ጤና ፈልጎ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ በኪስ የሚያዝ ማጣሪያ ለአንድ ሰው እንጂ ለሕዝብ አይሆንም፤ መጸዳጃ መቆፈርና በክሎሪን የታከመ ውኃ ማቅረብ ይቀድማል።

ስለ ማጣሪያ ዓይነቶችና በሣጥኑ ላይ ስለሚጻፈው

የሸክላ ማጣሪያ ከሁሉ የቆየው ነው። ውኃው በእጅ እየተገፋ በሸክላ ውስጥ ያልፋል። ይከብዳል፥ ዋጋውም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ፊቱ በጭቃ ሲዘጋ ፍቀው ያጸዱታል፥ ለብዙ ዓመትም ይቆያል። ከድንጋይ ላይ ቢወድቅ ግን ጠጉር የምታህል ስንጥቅ ዋጋ ታሳጣዋለች።

ዛሬ የበዛው ባለ ክር ማጣሪያ ነው። በውስጡ እንደ ቀሰም መካከላቸው ክፍት የሆኑ ቀጫጭን ክሮች በብዛት ታስረው ይገኛሉ፤ ውኃው በክሮቹ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ይህ ዓይነት በሦስት መልክ ይሸጣል። አንደኛው በቀጥታ ከወንዝ የሚመጠጥ ቀሰም ነው፤ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚጠጣው በውኃው ዳር በደረቱ ተኝቶ ነው፥ ለመንገዱም የሚይዘው ውኃ የለም። በባሮ ወንዝ ዳር አዞ ባለበት እንዲህ ተኝቶ መጠጣት ጥበብ አይደለም። ሁለተኛው ከረጢት ሞልተው በእጅ እየጨመቁ ወደ ኮዳ የሚያሳልፉት ነው፤ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ይህ ይሻላል። ሦስተኛው ከረጢቱ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ውኃው በራሱ ክብደት የሚወርድበት ነው፤ ለአምስትና ለስድስት ሰው ይስማማል።

በሣጥኑ ላይ ሦስት ነገር ይነበብ። መጀመሪያ የማይክሮኑ ቁጥር፤ ከ0.2 የበለጠ ከሆነ ለባክቴሪያ አይታመንም። ሁለተኛ «አብሶሉት» ወይም «ኖሚናል» የሚለው ቃል፤ የመጀመሪያው ከተጻፈው ቁጥር የሚበልጥ ቀዳዳ የለም ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው በአማካይ ያህል ነው ማለት ነው፥ በአማካይ የሚመካ ሰው ደግሞ በትልቁ ቀዳዳ ይታመማል። ሦስተኛ «ፊልተር» ወይም «ፒዩሪፋየር» የሚለው ስም ነው። በአሜሪካ በ1987 በወጣው መመሪያ ፒዩሪፋየር የሚባለው ከባክቴሪያ 99.9999፣ ከቫይረስ 99.99፣ ከጃርዲያ ዓይነቱ 99.9 በመቶ የሚያስወግድ ነው። ፊልተር ብቻ የተባለው ስለ ቫይረስ ቃል አልገባም። በውስጡ ከሰል አለበት የሚለው ደግሞ ለጣዕምና ለሽታ ይጠቅማል፤ ደዌን ለመከልከል ግን አይቆጠርም። በወይራ የታጠነ እንስራም እንዲሁ ነው፤ ውኃውን ያጣፍጠዋል እንጂ አያጸዳውም።

ማንኛውም የኪስ ማጣሪያ በውኃ የሟሟውን ነገር አያስቀርም። መምህሩ ጨው ያሟሟበትን ውኃ በማጣሪያው አሳልፎ ልጆቹን ቢያስቀምስ ወዲያው ይገባቸዋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን በዝቶባቸው የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፥ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል፤ ይህ በማጣሪያ አይቀርም፥ በማፍላትም ውኃው ስለሚተን ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በእርሻ ላይ የተረጨ መርዝም እንዲሁ ነው። ቢልሃርዝያ ደግሞ በመጠጣት ሳይሆን በቆዳ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ ማጣሪያውን ለመሙላት ቀንድ አውጣ ባለበት የቆመ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ የገባ ሰው አንዱን ደዌ ሸሽቶ ሌላውን ያገኛል።

ስለ ሁለተኛው ሥራ

ከማጣሪያ በኋላ የሚደረገው ሥራ ማፍላት ወይም ክሎሪን ነው። ማፍላት ሁሉን ይገድላል። በከፍተኛ ቦታ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በ3,000 ሜትር በ90፣ በ4,000 ሜትር በ87 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ይህም ቢሆን ለመግደል ይበቃል፤ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ለ3 ደቂቃ ሲንተከተክ መቆየት አለበት። ሻይ የሚጠጣ መንገደኛ ሳያውቀው በዚህ ይድናል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጣሳ ውኃ እሳት ማንደድ በስሜንም ሆነ በባሌ የቀረውን አስታ መጨረስ ነው፤ ማጣሪያ የሚመሰገንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክሎሪን በኢትዮጵያ ውኃ አጋር በሚል ስም በጠርሙስ፥ እንዲሁም በሌላ ስም በእንክብል ይገኛል። በጽሕፈቱ እንደታዘዘው ተለክቶ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆያል። ቫይረስንና ባክቴሪያን ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን፥ ከጃርዲያ ጥቂት የሚያንሰውን፥ ግን አይችለውም። እንግዲህ ሁለቱ እንደ ዕውርና እንደ ሽባ ይረዳዳሉ፤ ማጣሪያው ክሎሪን የማይገድለውን ትልቁን ያስቀራል፥ ክሎሪኑም ማጣሪያው የማይከለክለውን ትንሹን ይገድላል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ ክሎሪን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ኃይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳልና፥ መጀመሪያ ይጣራ፥ ከዚያ በኋላ ክሎሪኑ ይጨመር።

እንደ ዓባይና እንደ ተከዜ በክረምት የደፈረሰ ውኃ ማጣሪያን በጥቂት ጊዜ ይዘጋዋል። በዕቃ ቀድቶ እስኪያጠል ማሳደር፥ ከላይ የጠራውን ቀስ አድርጎ በጨርቅ ላይ ማፍሰስ ይገባል። በኮንሶ አካባቢ የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተደቁሶ በውኃ ቢበጠበጥ ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ይህ የሚያጠራ እንጂ የሚያነጻ አይደለም፤ ለማጣሪያው ግን ዕድሜ ይጨምርለታል።

ለአዳኝ፣ ለእረኛና ለተማሪ

በሕግ ተፈቅዶለት ለሦስትና ለአራት ቀን ወደ ቆላ የሚወርድ አዳኝ በእጅ የሚጨመቀውን ባለ 0.1 ማይክሮን ማጣሪያና በኪሱ ጥቂት የክሎሪን እንክብል ቢይዝ ይበቃዋል። ከብቱን ተከትሎ የሚሄድ እረኛ፥ ለሚዘጋውና ለሚጠፋው ውድ ማጣሪያ ገንዘብ ከሚያወጣ ይልቅ፥ በአንገቱ የሚንጠለጠለውን ማጥለያ ቀሰምና አንድ ጠርሙስ ክሎሪን ቢይዝ ይሻለዋል። ሠላሳ ልጆችን ይዞ ተራራ ሊያሳይ የሚወጣ መምህር ደግሞ የኪስ ማጣሪያን ጭራሽ አያስብ። ሠላሳ ልጅ በቀን 60 ሊትር ይጠጣል፤ ይህን በአንዲት ትንሽ ማጣሪያ መጭመቅ ቀኑን ይጨርሳል፥ ልጆቹም ሲጠማቸው ወደ ወንዙ ይሮጣሉ። ለርሱ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ አራት እጥፍ የሆነ ንጹሕ ጨርቅና ክሎሪን ይበቃሉ፤ ማታ ተሞልቶ ሲያድር ጧት ዝግጁ ነው።

ማጣሪያ የያዘ ሰው የቆሸሸውንና የጠራውን ወገን አይደባልቅ። ብዙ ሰው ውኃውን በሚገባ አጣርቶ ሳለ፥ ከከረጢቱ ውጭ የሚንጠባጠበው ያልተጣራ ውኃ በኮዳው አፍ ላይ ይወርድበታል፤ አንዲት ጠብታም ሥራውን ሁሉ ታፈርሳለች። ወንዝ የተቀዳበት ከረጢት ለሌላ ነገር አይሁን፤ ምልክት ይደረግበት። ማጣሪያው ሲከብድ በተቃራኒው አቅጣጫ የተጣራ ውኃ እየገፉ ማጠብ ያስፈልጋል።

ባለ ክር ማጣሪያ በደጋ የሚጠፋው በውርጭ ነው። በበጋ ሌሊት በሳንቃበርና በግጭ፣ በባሌም በሳነቴ ሜዳ፣ ውኃ በረዶ ይሠራል። አንድ ጊዜ የረጠበ ማጣሪያ በውስጡ ውኃ ይቀርበታል፤ ውኃው በረዶ ሲሆን አንድ አሥረኛ ያህል ይሰፋል፥ ክሮቹንም ይሰነጥቃቸዋል። ጧት ሲያዩት ከትናንቱ የተለየ ነገር የለውም። ውኃው እንዲያውም ፈጥኖ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ተሻለ ብሎ ይደሰታል። ስለዚህ ማታ ማጣሪያው እንደ ገንዘብ በብብት ተይዞ ወይም በመኝታ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይደር። ለአንድ ሌሊት ውጭ አድሮ ውርጭ ከመታው ግን አይታመን።

ከአንዳንዶቹ ጋር የሚመጣው ጽሕፈት መመርመሪያ ያስተምራል፤ እንዲህ ነው። ማጣሪያው በደንብ ከረጠበ በኋላ በቆሸሸው ወገን በኩል በአፍ በኃይል አየር ይነፋበታል፤ ይህ ወገን ወንዝ የነካው ስለሆነ ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃና በክሎሪን ይታጠብ። ክሩ ደኅና ከሆነ እርጥቡ ቀዳዳ አየርን ስለማያሳልፍ ምንም አይወጣም፤ ከተሰነጠቀ ግን አየሩ በሌላው ወገን ሲፍለቀለቅ ይታያል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ጭቃ ለማስቀረት ብቻ ያገለግላል፤ በመንገዱ የቀረውም ውኃ ሁሉ ይፈላ።